«ትንሽ ናትና ቶሎ ታልቃለች» እና ሌሎች ስለ ባልትና ካርቱን የሚባሉ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለባልትና ምክር መጽሐፍ ካርቱን የሚሥል ሰው እነዚህን አባባሎች ደጋግሞ ይሰማል። የምናወራው ከጽሑፉ ጎን ወይም መሃል ጣል ስለሚደረጉት፣ ፍሬምም ጀርባም ስለሌላቸው ትንንሽ ሥዕሎች ነው።

«ካርቱን ካላሳቀ ምኑን ካርቱን ሆነ?»

ቢያስቅ ደስ ይላል። የሚቀድመው ግን አንባቢዋን አለማሳሳቱ ነው። የከሰልን ነገር እንውሰድ። ውርጩ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ ምክሩም «ከሰል አቀጣጥላችሁ ቤት ዘግታችሁ አትተኙ» ይላል። ሠዓሊ ቶሎ የሚመጣለት ቤቱን የሞላ ጥቁር ጭስ፣ የሚያስል ሰውዬና ዓይኗ የፈጠጠ ድመት ነው። ያስቃል፤ ሰው ሊያስገድልም ይችላል። ምክንያቱም የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ደህና አድርጎ ከቀላ ፍምም ይወጣል። ያን ጥቁር ጭስ ያየች አንባቢ «የኔማ ጭሱ ወጥቶለታል» ብላ በሯን ዘግታ ትተኛለች። ስለዚህ መሣል ያለበት ምንም ጭስ የሌለው፣ ፍሙ የቀላ ምድጃ ነው፤ እሱንም አንድ ሰው ከበሩ ደፍ ወዲያ፣ ደጅ ሲያስቀምጠው። ድመቷን ካልሣልኩ የሚል ብርድ ልብስ ውስጥ ያስተኛት።

«ማእድ ቤት የትም ያው ማእድ ቤት ነው»

አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንኳ አንድ አይደለም። «ይህን ያህል ደቂቃ ቀቅሉ» ከሚል ምክር ጎን የግድግዳ ሰዓት መሣል የተለመደ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ የዚያን ግማሽ በማይሞላ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው ይበልጥ ሞቆ ነውና የባቄላው ንፍሮ ቶሎ ይበስላል። ሰዓቱ ለአንዷ ልክ ቢሆን ለሌላዋ ውሸት ነው። ሁለት ጣቶች ባቄላዋን ጨመቅ ሲያደርጓትና ስትፈርጥ ቢሣል ግን ለደገኛዋም ለቆለኛዋም ይሠራል።

ምጣድ ማሟሸትን ለማሳየት ባለ እጀታ መጥበሻ የሣለማ ባለሙያ ሴት ፊት ባይቀርብ ይሻለዋል። ማሰሻውና የተወቀጠው ጎመን ዘር ካልታዩ ምን እየተሟሸ ነው?

«ትንሽ ናትና ቶሎ ታልቃለች»

በአራት ሴንቲ ሜትር ሥዕል ውስጥ ጊዜ የሚፈጀው መጨመሩ ሳይሆን መቀነሱ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቅርጹን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሞልቶ ማየት። እጁ ምን እንደያዘ ካልተለየ አቋሙ ይቀየር።

«ትልቅ አድርገህ ሣል፣ ኮምፒውተሩ ያሳንሰዋል»

ግማሹ እውነት ነው። ከሚታተምበት መጠን አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ አድርጎ መሣል ይመከራል። ነገር ግን ሥዕሉ ሲያንስ መስመሩም አብሮት ይቀጥናል፤ የ0.4 ሚሊ ሜትር ብዕር በግማሽ ሲያንስ 0.2 ይሆናል። አንዱ ሥዕል በግማሽ፣ ሌላው በሩብ ከተቀነሰ ደግሞ መጽሐፉ ሁለት ሰው የሣለው ይመስላል። ርካሽ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፣ ጥቅጥቅ ያለ ጭረትም ተደፍኖ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ስካን ሲደረግም ለፎቶ የሚበቃው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ለጥቁርና ነጭ መስመር አይበቃም፤ ቢያንስ 600 ይሁን።

«እኔ የሣልኩት መቼም የኔ ነው»

ብዙ ወጣት ሠዓሊ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለመብቱ አዛዡ ነው። አሳታሚው ያንኑ ምድጃ ነገ ካላንደር ላይ ቢያትመው «ሳትጠይቀኝ» ማለት ያስቸግራል። በስምህ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት ግን ካንተ ጋር ይቆያል። ስለዚህ እርሳስ ከመነሳቱ በፊት ለስንት እትም እንደሚውል፣ ዋናው ሥዕል ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና ስምህ የት ገጽ ላይ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይስፈር።