በሕሊና ምክንያት «አልዘምትም» ማለት ምንድን ነው?

አንድ ሰው ወታደር እንዲሆን ሕግ ሲያስገድደው «ሃይማኖቴ ወይም ሕሊናዬ ሰው እንድገድል አይፈቅድልኝም» ብሎ በግልጽ እምቢ ካለ፣ በሕሊና ምክንያት ውትድርናን ተቃወመ ይባላል። ስሙን ይሰጣል፣ ምክንያቱን ይናገራል፣ የሚመጣበትንም ይቀበላል። ገጠር አክስቱ ቤት ሄዶ የተደበቀው ሌላ ነው። እሱ ሸሽቷል። በመሸሹ እየፈረድኩበት አይደለም፤ ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። በታሪክ ከሚታወቁት ቀደምቶች አንዱ ግን አፍሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ295 በዛሬዋ አልጄሪያ ማክሲሚሊያን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት፣ ክርስቲያን ስለሆንኩ ወታደር አልሆንም በማለቱ ሮማውያን አንገቱን ቀልተውታል።

አዳማ ውስጥ ይህን ጉዳይ ለወጣቶች ብታነሱት ወሬው ወዲያው ወደ አፈሳ ይዞራል። አይፈረድባቸውም። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ያስገድድ ነበር። ኮታ አልሞላ ሲል ልጆች ከመንገድ ይታፈሱ ጀመር። እናት ልጇን ኮርኒስ ላይ ደብቃ ያሳደረችበትን ታሪክ ያልሰማ ቤት ጥቂት ነው። በቅርቡም፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል ልጆች ሳይቀሩ ያለፈቃዳቸው ለምልመላ መያዛቸውን አስታውቋል። እንዲህ ባለበት ስለ ሕሊና ከማውራት ስለ ሩጫ ማውራት ይቀናል።

በሕጉ ግን ዛሬ የግዴታ ውትድርና የለም። መከላከያ የሚመለምለው በፈቃደኝነት ነው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ላይ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። የግዳጅ ሥራን ይከለክልና፣ ሕሊናው ውትድርናን የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጠው አገልግሎት እንደ ግዳጅ ሥራ አይቆጠርም ይላል። ማን ያመለክታል፣ የት፣ ምትኩስ ምን ዓይነት ሥራ ነው? እሱን አንቀጹ አይነግረንም።

ደቡብ ኮሪያ ምትክ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2020 ጀምራለች። እምቢ ያለው ሰው እስር ቤት ውስጥ እያደረ ለ36 ወር ይሠራል። እግረኛ ወታደሩ የሚያገለግለው 18 ወር ነው። እጥፍ ማለት ነው! በኔ ዓይን ይሄ ቅጣት እንጂ ምትክ አይመስልም። እሱንም ያላገኙ አሉ። ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ በእምነታቸው ምክንያት ወታደር አንሆንም ያሉ ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች ክስ ሳይመሠረትባቸው እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2020 ታስረው ቆይተዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ፖስታ ቤት አካባቢ ጀበና ቡና ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ «ድንበር ከተነካ ቀድሜ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ወንድም ከወንድም ሲሆን ግን የለሁበትም» አለ። ጓደኛው ስኒውን ሳያስቀምጥ «ጦርነት እንደ ሜኑ ይመረጣል እንዴ?» አለው። ሁሉም ሳቀ። እኔ እንደሰማሁት ብዙ የአዳማ ልጆች የሚሉት ባጃጅ ነጂው ያለውን ነው።

ችግሩ፣ የአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ከጓደኛው ጋር ይስማማል። ከለላ የሚሰጠው ጦርነትን ሁሉ ለሚቃወም ሰው ነው። አሜሪካዊው ቦክሰኛ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም ሲል ከተነሱበት ክርክሮች አንዱ ይኸው ነበር፦ አንተ የምትቃወመው አንዳንዱን ጦርነት ብቻ ነው የሚል። በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሊን ነፃ አወጣው። በዚያው ዓመት በሌላ መዝገብ ግን ጦርነት መርጦ መቃወም አይቻልም ብሎ ወስኗል። በዚያ ሚዛን ባጃጅ ነጂያችን ማመልከቻ ቢያስገባ ይወድቃል፤ ጨርሶ መሣሪያ አልነካም የሚለው ይሖዋ ምሥክር ጎረቤቱ ያልፋል።