የታዳጊ ክልል መግቢያ ነጥብ ምንድን ነው?

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ይፋ ሲደረግ ለሁሉም ተማሪ አንድ ቁጥር ብቻ እንዳልተቀመጠ ብዙ ወላጆች ያውቃሉ። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢዎች ተማሪዎች ከመደበኛው ዝቅ ያለ ነጥብ ሲቆረጥ ቆይቷል። የታዳጊ ክልል መግቢያ ነጥብ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ሲሆን፣ «ታዳጊ» የሚለው ስያሜም ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝና ለጋምቤላ ነው። መሠረቱ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 በኢኮኖሚያዊና በማኅበራዊ ዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል።

ነጥቡ ለምን ዝቅ እንደሚል ለመረዳት ከፈተናው ቀን ብዙ ዓመታት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጅግጅጋና ሠመራ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ አሶሳና ጋምቤላ ደግሞ ከዚያም ዘግይተው ነው። በመካከሉ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የቀረው ሕንፃ ብቻ አልነበረም። በየወረዳው ሊያስተምር የሚችል፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር ምሩቅ ሳይፈጠር ቀርቷል። የአርብቶ አደር ቤተሰብ ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ሲንቀሳቀስ ትምህርት ቤቱ ባለበት ይቀራል፤ ድርቅ ሲገባ ልጁ ከከብቶቹ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰውም ቢሆን ከተማ ወርዶ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤተሰቡ ስንቅ እየተላከለት መማር ግድ ይሆንበታል። በዚህ መንገድ መጥቶ የተገኘን ውጤት፣ በቤተ ሙከራና በአስጠኚ ታግዞ ከተገኘ ተመሳሳይ ውጤት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የተማሪዎቹን ልፋት አይለካም። የነጥቡን ዝቅ ማለት ፍትሐዊ አድርጌ የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ያለው ልኬቱ ክልልን እንደ አንድ ቤት መቁጠሩ ላይ ነው። ጅግጅጋ ከተማ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት የተማረ የባለሥልጣን ልጅና ከሩቅ ወረዳ የመጣ የአርብቶ አደር ልጅ ድጋፉን እኩል ያገኛሉ፤ መቀመጫው ውስን ሲሆን ደግሞ የሚቀድመው የመጀመሪያው ነው። በአንጻሩ በአማራ ክልል ከሚገኘው ከዋግ ኽምራ የመጣ የድሃ ገበሬ ልጅ፣ ክልሉ «ታዳጊ» ስላልተባለ ብቻ፣ ከባሕር ዳር ልጅ ጋር በአንድ ነጥብ ይወዳደራል። በማስታወቂያዎቹ ላይ ከክልሎቹ ጎን «አርብቶ አደር አካባቢዎች» የሚል መጨመሩ ይህን ጉድለት በከፊል ያቃለለ ቢሆንም፣ ድህነትን በአኗኗር ዘይቤ እንጂ በትምህርት ቤት ሁኔታ ስላልመዘነ የደጋውን ችግረኛ አልነካም።

ዩኒቨርሲቲዎችን በየክልሉ መክፈትም በራሱ መፍትሔ ሆኖ አልተገኘም። ምደባው ከማዕከል የሚከናወን በመሆኑ በሠመራ ግቢ ከመላ አገሪቱ የመጣ ተማሪ ይማራል፣ የአፋር ልጅም ሌላ ክልል ሊመደብ ይችላል። ይህ አሠራር ወጣቶችን በማቀራረብ የማይናቅ ጥቅም አለው፤ ሆኖም በአንድ ክልል ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ብቻ የክልሉ ልጆች ገብተውበታል ማለት አይደለም።

ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምርና 50 በመቶ ማምጣት ማለፊያ ሲሆን፣ ያን ዓመት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካላለፉት ለተወሰኑት የተከፈተው የሪሚዲያል (የማካካሻ) ትምህርት ከነጥብ ቅነሳ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ የጎደለውን ለመሙላት ጥቂትም ቢሆን ጊዜ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የ12 ዓመት ክፍተት በወራት አይሞላም።

ይኸው ፈተና ግን ቀድሞ ያልነበረን ግልጽ መረጃ አውጥቷል። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ፤ የትኞቹ እንደሆኑም ይታወቃል። ድጋፉ በክልል ስም መሰጠቱ ቀርቶ በተማሪው ትምህርት ቤት ሁኔታ ቢሰላ፣ የአፋሩም የዋግ ኽምራውም ልጅ በአንድ መስፈርት ይታያሉ፣ የጅግጅጋው የባለሥልጣን ልጅ ደግሞ በመደበኛው ነጥብ ይወዳደራል።