«ቦረቦሩን ዝናብ ነው ያመጣው» ለምትሉኝ

በተፋሰስ ሥራ፣ ማለትም አፈርና ውሃ ጥበቃ፣ ላይ ስኖር የማልሰማው የለም። ቀላሎቹን ቶሎ ልጨርሳቸው።

«እርከን ደርግ ያመጣው ነው።» ኮንሶ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ከ400 ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይ እርከን ታያላችሁ።

«አፈራችንን ግብፅ እየበላችው ነው።» የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ እዚያ የሚደርሰው ደለል የሚቀረው ከግድቡ ኋላ፣ ናስር ሐይቅ ውስጥ ነው። ከማሳችሁ ከሚታጠበው ብዙው ደግሞ ዓባይንም ሳያይ እዚያው ተዳፋቱ ግርጌ ይተኛል።

«ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ ደን ነበር።» ማን ለካው? እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ ሲያልፍ ፎቶ አንስቷል፤ ተራራው ያኔም ራቁቱን ነው። ተመራማሪዎች እዚያው ቦታ ቆመው ዳግም ሲያነሱት በብዙዎቹ ላይ የዛሬው ዛፍ በልጦ ተገኘ።

ወደ ቦረቦሩ፣ ጎርፍ መሬት ቀዶ ወደሚተወው ገደል፣ ልምጣ። «ዘንድሮ ዝናቡ ከብዶ ቦረቦር ፈጠረብን» ሲባል ጥርሴን እነክሳለሁ። ዝናቡማ ድሮም ይዘንባል። ውሃ ሣር ላይ ተበትኖ ሲወርድ አቅም የለውም፤ ሰብስበው አንድ መስመር ላይ ሲለቁት ነው መሬት የሚቀደው። ሰብሳቢዎቹ እኛ ነን፦ በመንገድ ቱቦ፣ በከብት መሄጃ፣ ከማሳ ውሃ ለማውጣት ቁልቁል በምናርሰው ፈሰስ።

ጎጃም በሠራሁበት አንድ ቀበሌ ኮረኮንች መንገድ ወጣ። ድሮ በየቦታው ይወርድ የነበረውን ጎርፍ የመንገዱ ቦይ ለቃቅሞ በአንዲት ቱቦ የአንዲት እናት ጤፍ ማሳ ላይ ለቀቀው። በመጀመሪያው ክረምት ከማሳው ግርጌ የተከፈተው ጉድጓድ ጉልበቴ ጋ ይደርስ ነበር። በሦስተኛው ገብቼ ቀና ስል አፋፉ ላይ የሚግጠውን በሬ ሆዱን ከሥር አየሁት። መሬቱ ዋልካ፣ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ከሥሩ ይናዳል፤ ቦረቦሩም ወደ ቱቦው እየበላ ወጣ። ጋቢዮን፣ ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ተደረደረበት፤ ውሃው በጎኑ ዞሮ ሄደ። በስብሰባው «ልጄ፣ ይኼን ውሃ ወደኔ የላከው ማነው?» ያሉት እኒያ እናት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ድንጋይ ከመሸከማችሁ በፊት ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ ውሃውን እስከ መነሻው ተከተሉት። እዚያ መቀልበሻ ቦይ ቁፈሩ፤ ቦረቦሩ ውስጥ የሚሠራው የድንጋይ ክትር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቀጥሎ ዝሆን ሣር። ከብቱን ካላስወጣችሁ ግን ሣሩንም ባትተክሉት ይሻላል፤ በሳምንት ይጨርሱታል።