ኳንተም ፊዚክስ፦ ተመራማሪዎቹ ዛሬ ምን ላይ ናቸው?

ኳንተም ፊዚክስ የአቶምን፣ የኤሌክትሮንንና የብርሃንን ጠባይ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ጀማሪው ማክስ ፕላንክ ነው። በ1900 በርሊን ውስጥ አንድ እንግዳ ሐሳብ አመጣ። የሚሞቅ ነገር የሚያወጣው ኃይል እንደ ውሃ ዝም ብሎ አይፈስም፤ እንደ ሳንቲም እየተቆጠረ ነው የሚወጣው አለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1925 ቨርነር ሃይዘንበርግ የአበባ ብናኝ አለርጂ ሲያስቸግረው ሄልጎላንድ ወደምትባል የሰሜን ባሕር ደሴት ሸሸ። እዚያ ሆኖ የዘርፉን ሒሳብ መልክ አስያዘው። በማግስቱ ዓመት ኤርቪን ሽሮዲንገር በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። የተባበሩት መንግሥታት 2025ን የኳንተም ሳይንስ ዓመት ያለው ይህን መቶኛ ዓመት አስቦ ነው።

ሒሳቡ ይሠራል። የስልካችን ቺፕ፣ ሌዘር፣ ሆስፒታል ያለው ኤምአርአይ፣ ሁሉም የሱ ልጆች ናቸው። ታዲያ ምን የሚጠና ነገር ቀረ? ብዙ። ሒሳቡ ለክተን ምን እንደምናገኝ ይነግረናል። ከመለካታችን በፊት ነገሩ ምን ሆኖ እንደነበር ግን አይነግረንም። ለረጅም ጊዜ ይህን የሚጠይቅ ፊዚሲስት ወደ ፍልስፍና እንደኮበለለ ይታይ ነበር። የዛሬው ጥናት ትልቅ ክፍል የበቀለው ደግሞ ከዚሁ ከተናቀ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጫማው ወይስ ሌላ ነገር?

በ1935 አልበርት አይንስታይን ከቦሪስ ፖዶልስኪና ከናታን ሮዘን ጋር አንድ ጽሑፍ አወጣ። የኳንተም ሒሳብ እንደሚለው፣ አንድ ጊዜ የተገናኙ ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀውም ጉዳያቸው አይለያይም። አንዱን ስትለኩት የሌላው ውጤት ይታወቃል። ሽሮዲንገር በዚያው ዓመት ለነገሩ ስም አወጣለት። ኢንታንግልመንት ይባላል። በአማርኛ ጥልፍልፍ ብንለው ያስኬዳል።

ይኼ ምን ይደንቃል ትሉ ይሆናል። አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት ፌስታል ከፍላችሁ አንዱን ወደ ጎንደር፣ አንዱን ወደ ጅማ ላኩ። ጎንደር ያለው ሰው ከፍቶ ግራውን ካገኘ፣ ጅማ የደረሰው ቀኙ እንደሆነ እዚያው ያውቃል። ተአምር የለውም። ጫማው ሲላክም ግራ ነበር። የአይንስታይን ሐሳብ በጥቅሉ ይኼው ነው። ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኗል፤ የኳንተም ሒሳብ ያላየው ነገር አለ ማለት ነው። የዴንማርኩ ፊዚሲስት ኒልስ ቦር በዚህ አልተስማማም። ሁለቱ ተከራከሩ። ማንም ማንንም አላሳመነም። ሌላው ፊዚሲስት ወደ ሥራው ሄደ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲል ጆን ቤል መጣ። የቤልፋስት ልጅ ነው፤ ጄኔቫ ባለው ሰርን በተባለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ውስጥ ይሠራ ነበር። ይህን ጉዳይ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር የያዘው። በ1964 ክርክሩን ላቦራቶሪ ውስጥ መዳኘት እንደሚቻል አሳየ።

ሐሳቡ ኋላ በጨዋታ መልክ ተቀምሯል። ፊዚሲስቶች ተጫዋቾቹን አሊስና ቦብ ይሏቸዋል፤ እኛ አልማዝና ከበደ እንበላቸው። አልማዝ ጎንደር፣ ከበደ ጅማ ናቸው። ስልክ የለም። ዳኛው ሳንቲም እየወረወረ ለእያንዳንዳቸው ነጭ ወይም ቀይ ካርድ ያሳያል። እነሱም "አዎ" ወይም "አይ" ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ቀይ ከደረሳቸው መልሳቸው መለያየት አለበት። በሌላው ሁሉ ደግሞ መልሳቸው አንድ መሆን አለበት። ከጨዋታው በፊት የፈለጉትን ያህል መማከር ይችላሉ።

እስቲ ሞክሩት። ሁለቱም ሁልጊዜ "አዎ" ቢሉ ከአራቱ ሦስቱን ያሸንፋሉ፤ 75 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክክር የለም። ምንም ዓይነት ጫማ በፌስታል ይዘው ቢሄዱ ከ75 አያልፉም። የተጠላለፉ ቅንጣቶች ይዘው ቢሄዱና በካርዱ ቀለም መሠረት የሚለኩበትን አቅጣጫ ቢመርጡ ግን 85 በመቶ ገደማ ያሸንፋሉ። እዚህ ላይ የጫማው ታሪክ ያበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ አልማዝ በዚህ መንገድ ለከበደ ሰላምታ እንኳ መላክ አትችልም። እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚያዩት የዘፈቀደ መልስ ነው። ዝምድናው የሚታየው ሁለቱ ኋላ ተገናኝተው መዝገባቸውን ሲያስተያዩ ነው። ከብርሃን የፈጠነ መልእክት የሚሉት የዩቲዩብ ወሬዎች እዚህ ጋ ይወድቃሉ።

በ1972 ጆን ክላውዘርና ስቱዋርት ፍሪድማን በርክሌይ ውስጥ ከካልሲየም አቶም የሚወጣ ብርሃን ይዘው ሞከሩት። የክላውዘር ልብ ወደ አይንስታይን ያደላ ነበር። ውጤቱ ግን ለኳንተም ፈረደ። ቀጥሎ አላን አስፔ መጣ። ፈረንሳዊ ነው። በወጣትነቱ ለብሔራዊ አገልግሎት ካሜሩን ሄዶ ሲያስተምር፣ በትርፍ ሰዓቱ ኳንተም መካኒክስ ያነብ ነበር። አገሩ ተመልሶ ሐሳቡን ለቤል ሲያማክር፣ ቤል መጀመሪያ የጠየቀው ቋሚ ሥራ እንዳለው ነው። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ያኔ በዚህ ርዕስ የገባ ወጣት እንጀራው ላይ እየፈረደ ነበር። አስፔ ሥራ ነበረው፤ ገባበት። በ1982 ብርሃኑ ገና በመንገድ ላይ ሳለ የሚለካበትን አቅጣጫ እየቀያየረ ለካ። ውጤቱ ያው ሆነ።

ተጠራጣሪዎች አሁንም ውጤቱን በሌላ መንገድ የሚያስረዳ ቀዳዳ ፈለጉ። በ2015 ደልፍት፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ በ1.3 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሁለት አልማዞች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን አጠላልፈው ዋናዎቹን ቀዳዳዎች በአንድ ላይ ደፈኑ። (አልማዝ ስል ድንጋዩን ነው፤ የጎንደሯ አይደለችም።) ቪየናና የአሜሪካዋ ቦልደርም በዚያው ዓመት ተከተሉ። በ2022 ክላውዘር፣ አስፔና የቪየናው አንቶን ዛይሊንገር ኖቤል ተሸለሙ። ቤል በ1990 አርፎ ነበር፤ ኖቤል ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም።

ከክርክር ወደ ሥራ

የኳንተም ግንኙነት የዚህ ታሪክ ቀጥተኛ ልጅ ነው። በ1991 አርቱር ኤከርት የቤልን ፈተና ምስጢር ለመጠበቅ መጠቀም እንደሚቻል አሳየ። መሐል ገብቶ የሚያደምጥ ሰው ካለ ጥልፍልፉ ይበላሻል፤ የማሸነፊያው ቁጥርም ይወርዳል። ቻይና በ2016 ሚሲየስ የተባለች ሳተላይት አመጠቀች። በቀጣዩ ዓመት 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች የተጠላለፈ ብርሃን ላከችባት። አሁን የሚለፋበት ችግር፣ ብርሃኑ በረጅም የፋይበር መስመር ውስጥ እየተዋጠ መቅረቱ ነው።

የኳንተም ኮምፒውተሩን በተመለከተ ወሬው ከሥራው ቀድሟል። ኪውቢት የሚባለው የዚህ ኮምፒውተር መረጃ መያዣ እንደ ተራ ቢት ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ድርብርብ ይይዛል። ይህ ማለት ግን ብዙ ሰው እንደሚያወራው ሁሉንም መልስ በአንዴ ሞክሮ ትክክለኛውን ያወጣል ማለት አይደለም። ስትለኩት አንድ መልስ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ጥበቡ የተሳሳቱት መልሶች እንደ ሞገድ እርስ በርስ እንዲጣፉ ማድረግ ላይ ነው። ይህ ደግሞ የሚሆነው ለጥቂት የችግር ዓይነቶች ነው። ፒተር ሾር በ1994 አንዱን አገኘ፤ ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ ዋና አካፋዮቻቸው መበተን። የኢንተርኔት ምስጢር አጠባበቅ በዚህ ሥራ ክብደት ላይ የቆመ ስለነበር ባንኮችና መንግሥታት ጆሯቸውን አቆሙ።

ችግሩ ስሕተት ነው። ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ ንዝረት ኪውቢቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቺፖች ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ነጥብ) በአንድ መቶኛ ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣሉ። በ2019 ጉግል 53 ኪውቢት ባለው ቺፑ 10,000 ዓመት የሚፈጅ ሥራ በ200 ሰከንድ ጨረስኩ አለ። አይቢኤም ደግሞ በሁለት ቀን ተኩል በተራ ሱፐርኮምፒውተር ይሠራል ብሎ ተከራከረ። ሥራው ራሱ ለፈተና የተፈጠረ እንጂ ለማንም የሚጠቅም አልነበረም። ለእኔ የ2024ቱ ዜና ይበልጣል። ዊሎው በተባለው የጉግል ቺፕ ላይ፣ ለስሕተት ማረሚያ የሚውሉት ኪውቢቶች ሲበዙ ስሕተቱ ቀነሰ። ስሕተት ስለማይጠፋ ብዛት ጉዳት ሊሆን ይችል ነበር፤ ስለዚህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት አሜሪካ የሾርን ስሌት ይቋቋማሉ የተባሉ አዳዲስ የምስጢር አጠባበቅ ደረጃዎችን አወጣች። ማሽኑ ሳይመጣ ቁልፉ ተቀየረ።

ብዙ የማይወራለት ግን በጣም የተሳካለት ዘርፍ ልኬት ነው። ሰከንድ ራሷ የምትለካው በሴዝየም አቶም ነው፤ 9,192,631,770 የሞገድ ዙር አንድ ሰከንድ ነው። በ2022 ቦልደር ያሉ ተመራማሪዎች በአንድ የአቶም ሰዓት መሣሪያ ውስጥ የአንድ ሚሊሜትር የከፍታ ልዩነት ጊዜን እንደሚለውጥ አዩ። ታች ያለው አቶም በጥቂቱ ይዘገያል፤ አይንስታይን እዚህ ላይ ትክክል ነበር። የስበት ሞገድ የሚያድነው ላይጎ የተባለው የአሜሪካ መመልከቻም ከ2019 ወዲህ በምልከታው "የተጨመቀ ብርሃን" ይጠቀማል። የብርሃን መለዋወጥ በአንድ ወገን ይጨመቅና በሌላው ይለቀቃል፤ ልኬቱ የሚሠራው በተጨመቀው ወገን ነው።

የተጨመቀ ብርሃን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ አዲስ ወሬ አይደለም። የኳንተም ኦፕቲክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለዓመታት የመመረቂያ ጽሑፍ የሠሩት በዚሁ ላይ ነው። ሦስት የኃይል እርከን ያላቸው አቶሞች የሚያንቀሳቅሱት ሌዘር ብርሃኑን ምን ያህል ይጨምቀዋል? ምን ያህልስ ያጠላልፈዋል? ሥራው በአብዛኛው ወረቀትና እርሳስ ነው። የሚሊዮን ዶላር ማቀዝቀዣ አይጠይቅም።

ቁሳቁስ ላይ ያለው ጥናት ሰፊ ነው፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ብክነት የሚያስተላልፉ ቁሶች ከ1911 ጀምሮ ይታወቃሉ። በ1986 የተገኙት የመዳብ ኦክሳይድ ቁሶች ግን ከቀደሙት በጣም ሞቅ ባለ ሁኔታ ይህን ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ የሚያስማማ መልስ እስካሁን አልተገኘም።

ድንበሩ የት ነው?

አቶም ድርብርብ ሆኖ መኖር ከቻለ ድመት በአንድ ጊዜ ሕያውም ሙትም ሆና መኖር ለምን አልቻለችም? የሽሮዲንገር ጥያቄ ይህ ነበር። ቪየና ያሉት ሰዎች በየጊዜው የሚከብድ ነገር ይዘው ይሞክራሉ። በ1999 ስልሳ አቶም ያለው የካርበን ሞለኪውል፣ በ2019 እስከ 2,000 አቶም ያለው ሞለኪውል እንደ ሞገድ ሲጓዝ ታይቷል። ድርብርቡ ድመቷ ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ ቦታ ላይ ራሱ ይፈርሳል የሚሉ አሉ። አይፈርስም፣ ሁሉም ውጤት በየራሱ ዓለም ይሆናል የሚሉም አሉ።

ስበት ደግሞ እስከ ዛሬ ከኳንተም ሒሳብ ጋር አልተስማማም። በ2017 ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ድርብርብ አድርገህ ጎን ለጎን አስቀምጥ። በመካከላቸው ስበት ብቻ ይኑር። ከተጠላለፉ ስበትም ኳንተም ነው ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። ለመፍረድ የሚፈለገው እንደገና የቤል ዓይነት ልኬት ነው። በአንዱ ሐሳብ ላይ የታሰበው ነገር ክብደት ከ2019ኙ የቪየና ሞለኪውል ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። ላቦራቶሪዎቹ አሁን ቅንጣት በብርሃንና በማግኔት አንሳፍፈው፣ አቀዝቅዘው፣ ንዝረት እየቀነሱ ወደዚያ ለመድረስ እየሞከሩ ነው።