ሽሪምፕ የአኳሪየም ጽዳት ሠራተኛ አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጨው ውሃ አኳሪየም የጀመረ ሰው ከዓሣ ቀጥሎ ልቡ የሚሄደው ቅርፊት ወዳለው ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ወደ ሽሪምፕ ነው። በተለይ ክሊነር ሽሪምፕ የሚባለው። ጀርባው ላይ በሁለት ቀይ መስመሮች መሃል ነጭ መስመር ይሄዳል፤ ረጃጅም ነጫጭ አንቴናዎቹ ከሩቅ ይታያሉ። ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ድረስ በኮራሎች (ከአለት ጋር ተጣብቀው በሚኖሩ የባሕር እንስሳት) መካከል ይኖራል። ችግሩ ግን ብዙዎቻችን የምንገዛው እንዲያጸዳልን ብለን ነው። እንደ እንስሳ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚገድለው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አብዛኛው የተሳሳተ ምክር የሚነሳውም ከዚህ ነው።

«ከዓሣ የተረፈውን ይለቃቅማል፤ ለብቻው መመገብ አያስፈልግም»

በጣም የተለመደውና ብዙ ሽሪምፕ በረሃብ የሚጨርሰው አባባል ይህ ነው። ንጹህ በሆነና ጥቂት ዓሣ ባለበት አኳሪየም ውስጥ የሚተርፍ ምግብ ከቁጥር አይገባም። ዓሣ ፈጣን ነው፤ ምግቡ ታች ሳይደርስ ያልቃል። የራበው ሽሪምፕ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኮራል የያዘውን ምግብ ከአፉ ይነጥቃል፣ በዚያውም ሥጋውን ይጎዳዋል። ከዚያ «ሽሪምፑ ኮራሌን በላው» ይባላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሱ የታሰበ ምግብ ስጡት። በረዶ የሆነ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስል ደቃቅ የውሃ እንስሳ)፣ ወደ ታች የሚሰምጥ የዓሣ ምግብ፣ ወይም ጨውና ቅመም ያልነካው ጥሬ የሽሪምፕ ወይም የዓሣ ሥጋ በትንንሹ ተቆርጦ ይሆናል። በረዶውን በትንሽ ውሃ አሟሙታችሁ ውሃውን ድፉት። ዓሦቹ የሚቀሙት ከሆነ መጀመሪያ እነሱን አጥግቡ፣ ከዚያ የሱን ድርሻ በረጅም ወረንጦ አቀብሉት። ክሊነር ሽሪምፕ ቶሎ ይለምዳል፤ ምግብ ሲሸተው እጅ ላይ ድረስ ይመጣል። እንደ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ያሉት ሌሎች ዓይነቶች ግን ቀን ቀን ስለሚደበቁ የአኳሪየሙ መብራት ከጠፋ በኋላ መስጠት ይሻላል።

ማብዛትም ይጎዳል። ያልተበላው በስብሶ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል፤ ሽሪምፕ ደግሞ ለአሞኒያ እጅግ ስስ ነው። ሳይበላ የቀረውን በዚያው ሰዓት አውጡት። የዓሣ ኩስን ማጽዳት የፊልተርና ውሃ የሚቀይረው ሰው ሥራ ነው፤ ሽሪምፕ አይበላውም።

«ክሊነር ሽሪምፕ ካለ ዓሦቼ በነጭ ነጠብጣብ በሽታ አይያዙም»

ክሊነር ሽሪምፕ የዓሣን ገላ እየዳሰሰ የሞተ ቆዳና አንዳንድ ጥገኛ ተባይ እንደሚለቅም እውነት ነው። ማየቱም ያስደስታል። ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባል ተባይ ግን ቆዳው ላይ ሳይሆን ከቆዳው ሥር ገብቶ ነው የሚኖረው። ሲያድግ ዓሣውን ለቆ አሸዋና ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፤ እዚያ ተባዝቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ተባዮች ይለቃል። አንድ ሽሪምፕ ይህን ዑደት ሊያቋርጥ አይችልም።

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ነው። ሽሪምፑ አላዳነም ተብሎ መድኃኒት ዋናው አኳሪየም ውስጥ ይጨመራል። ለዚህ በሽታ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ መዳብ አለባቸው። መዳብ ዓሣን በሚፈውስበት መጠን ሽሪምፕን ይገድላል። ድንጋዩና አሸዋው ውስጥም ገብቶ ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የታመሙትን ዓሦች ወደ ሌላ ዕቃ አውጥታችሁ እዚያ አክሙ። ሽሪምፑ ባለበት ይቆይ፤ ተባዩ በሱ ላይ አይኖርም። ዋናው አኳሪየም ሁለት ወር ከምናምን ያለ ዓሣ ከቆየ ተባዩ የሚይዘው ዓሣ አጥቶ ያልቃል።

«ጨው ጨው ነው»

አይደለም። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የባሕር ውሃ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም አሉት፤ ሽሪምፕ ያለነሱ ቅርፊት መሥራት አይችልም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። መጠኑ በሊትር 35 ግራም አካባቢ፣ በጨዋማነት መለኪያው (ሃይድሮሜትር) 1.025 ወይም 1.026 ነው። የቀይ ባሕር ጨው ወደ 40 ግራም ይጠጋል፤ ገበያ ላይ ያለው ሽሪምፕ ግን በ35 ደህና ይኖራል።

ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ነው። በጨው ውሃ ከሞላችሁ በየሳምንቱ ጨዋማነቱ ይጨምራል።

«ሽሪምፑ የተገዛበትን ከረጢት ውሃው ላይ ትንሽ አንሳፍፎ መልቀቅ ይበቃል»

ማንሳፈፍ የሚያስተካክለው ሙቀቱን ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ጨው ቀነስ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ፤ ሽሪምፕ ደግሞ ድንገተኛ የጨው ለውጥ አይችልም። ብዙ ጊዜ በተገዛ ማግሥት የሚሞተው በዚህ ነው። ቀጭን ቱቦ ቋጠር አድርጋችሁ የአኳሪየሙን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በአንድ ሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ አለማምዱት። የከረጢቱን ውሃ ወደ አኳሪየሙ አትገልብጡ።

«ጠዋት ሞቶ አገኘሁት»

ቀስ በሉ። ወለሉ ላይ ያለው ባዶ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። ሽሪምፕ እያደገ ሲሄድ አሮጌውን ቅርፊት እንዳለ፣ ከነእግሩና ከነአንቴናው ጥሎ ይወጣል። ባዶው ቅርፊት ቀላልና ብርሃን አሳላፊ ነው፤ የሞተ ሽሪምፕ ግን ገላው ይደፈርሳል፣ ይሸታል። ሽሪምፑ ራሱ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር አንድ ሁለት ቀን ድንጋይ ሥር ይደበቃል። ድንጋይ እያነሳችሁ አትፈልጉት፤ በዚያ ሰዓት ገላው ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል። እግር ወይም አንቴና የጎደለውም ቢሆን በሚቀጥሉት ለውጦች መልሶ ያበቅላል።

ቅርፊት ለመቀየር አዮዲን ካልተጨመረ አይሆንም የሚሉ አሉ። ውሃውን በየጊዜው በጥሩ የባሕር ጨው ለሚቀይር ሰው አያስፈልግም። ሳይለኩ መጨመር ራሱ መርዝ ነው።

«የአየር ፓምፕ ለጌጥ ነው»

የሞቀና ጨዋማ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይበልጥ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይቆማል። እዚያ የሚያሳድግ ሰው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስቀድሞ ይያዝ።

«ሴትና ወንድ ካልሆኑ አይዋለዱም»

ክሊነርና ፔፐርሚንት ሽሪምፕ መጀመሪያ ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ በኋላ ወንድም ሴትም ይሆናሉ። የደረሱ ሁለት ካሉ በቂ ነው። እንቁላሉን ከሆዳቸው ሥር ተሸክመው ታያላችሁ። ሌሊት የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግን በዓሣና በፊልተር ያልቃሉ። እነሱን ማሳደግ የተለየ ዕቃ፣ ሕይወት ያለው ደቃቅ ምግብና ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል። ገበያ ላይ ያለው ክሊነር ሽሪምፕ በአብዛኛው ከባሕር የሚያዘውም ስለዚህ ነው።

«ሽሪምፕ ሁሉ ሰላማዊ ነው»

ነጭና ቀይ ቀለበት ያለው፣ ረጅም መቆንጠጫ የያዘው ኮራል ባንድድ ሽሪምፕ ጥንድ ካልሆነ የራሱን ዓይነት ይገድላል፤ ትንንሽ ሽሪምፖችንና የተኛ ትንሽ ዓሣንም ሊይዝ ይችላል። ሃርለኩዊን ሽሪምፕ እጅግ ውብ ነው፤ ግን የሚበላው የባሕር ኮከብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በየጊዜው ኮከብ ማቅረብ የማይችል ሰው ባይገዛው ይሻላል፤ ሌላ ምግብ ቢሰጡት እየራበው ይሞታል። ትሪገርፊሽ፣ ላየንፊሽና ሃውክፊሽ የሚባሉት ዓሦች ባሉበትም ሽሪምፕ አታስገቡ፤ ይበሉታል።

አይፕታዥያ የሚባለውን አስቸጋሪ አኔሞኒ (አበባ የሚመስል ተናዳፊ የባሕር እንስሳ) እንዲበላ ፔፐርሚንት የምትፈልጉ ደግሞ በደንብ እዩ። በሱ ስም ካሜል ሽሪምፕ ይሸጣል፤ እሱ ኮራል ይበላል። ካሜሉ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ገላው በደማቅ ቀይ ላይ ነጫጭ መስመርና ነጠብጣብ ያለው ነው። ፔፐርሚንቱ ገላው ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ብቻ አሉት። ፔፐርሚንትም ቢሆን ሁሉም አይፕታዥያ ይበላል ማለት አይደለም፤ የሚበላውም ትንንሹን ነው።