የኩባንያ ከተማ ምንድን ነው?

የኩባንያ ከተማ መኖሪያ ቤቱ፣ ሱቁና ሐኪሙ፣ አንዳንዴም ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በአንድ አሠሪ እጅ ያለ ሰፈር ነው። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ደቡባዊ ተራሮች የድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ሰፈር በየሸለቆው ሠርተዋል። መንገድ ባልገባበት አገር ቤት ሳይሠሩ ሠራተኛ ማምጣት አይቻልም ነበር። ክፋቱ ውሉ ላይ ነው።

የቤቱ ውል ከሥራው ጋር የታሰረ በመሆኑ ከሥራ የተባረረ ከቤትም ይባረራል። ብዙዎች ሲቀጠሩ የሠራተኛ ማኅበር ላለመግባት ይፈርሙ ነበር። ክፍያው ባወጡት ከሰል በቶን ነው። የዋሻውን ጣሪያ በግንድ መደገፍና ሐዲድ መዘርጋት ግን ቀኑን ይበላል እንጂ አይከፈልበትም። ፉርጎው ውስጥ ድንጋይ ከተገኘ ክፍያው ይቀነሳል። መዛኙም የኩባንያው ሰው ነው፤ ስለዚህ በየአድማው "ሚዛኑ ላይ የራሳችን ሰው ይቁም" የሚል ጥያቄ ይነሳ ነበር። ከደመወዙ የቤት ኪራይ፣ የሐኪምና የባሩድ ሒሳብ ይቆረጣል። እስከ ደመወዝ ቀን መድረስ ያቃተው ስክሪፕ ይወስዳል፤ ይኸውም የኩባንያው ስም የታተመበት፣ በኩባንያው ሱቅ ዕቃ የሚገዛበት የብረት ሳንቲም ወይም ወረቀት ነው።

ማኅበር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚመታው በቤቱ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1920 አንድ የከሰል ኩባንያ የቀጠራቸው የባልድዊን ፌልትስ ድርጅት የግል መርማሪዎች ሜትዋን በምትባል ከተማ አጠገብ የሠራተኞችን ዕቃ እያወጡ ደጅ ጣሉ። ሜትዋን ራሷ የኩባንያ ንብረት አልነበረችም። ከንቲባዋም፣ የፖሊስ አዛዥዋ ሲድ ሃትፊልድም ከሠራተኞቹ ጎን መቆም የቻሉትም ለዚህ ነው። መርማሪዎቹ ባቡር ሊሳፈሩ ሲሉ ተኩስ ተከፈተ፤ 7 መርማሪዎች፣ 2 ማዕድን አውጪዎችና ከንቲባው ሞቱ።

ሃትፊልድ ኦገስት 1 ቀን 1921 ለፍርድ በቀረበበት በዌልች ከተማ ፍርድ ቤት ደረጃ ላይ፣ ባዶ እጁን ሳለ ተገደለ። ወሩ ሳያልቅ 10,000 ያህል ማዕድን አውጪዎች ታጥቀው ወደ ብሌር ተራራ ዘመቱ። የገጠማቸው የሎጋን አውራጃ ሸሪፍ (የፖሊስ ሹም) ጦር ነበር፤ የሸሪፉን ረዳቶች ደመወዝ የሚከፍሉት የከሰል ኩባንያዎቹ ነበሩ። በማዕድን አውጪዎቹ ላይ ከግል አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ተጣለ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የፌዴራል ጦር ሲደርስ ግን አልተኮሱበትም፤ ከማዕድን አውጪዎቹ ብዙዎቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ በአካባቢው ለዓመታት ተዳከመ። ማኅበር አልገባም የሚያሰኘው ውል በፌዴራል ፍርድ ቤት ዋጋ ያጣው እ.ኤ.አ. በ1932 በወጣ ሕግ ነው።