የሸገር ደርቢ ምንድን ነው?

የአንድ ከተማ ሁለት ክለቦች ሲገናኙ ጨዋታው ደርቢ ይባላል። የሸገር ደርቢ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ቡና የሚያደርጉት ጨዋታ ነው። ትርጉሙ እዚህ ላይ ያልቃል። ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፦ ለምን እነዚህ ሁለቱ ብቻ? አዲስ አበባ ውስጥ መቻል አለ፣ መድን አለ፣ ንግድ ባንክ አለ፣ የድሮው መብራት ኃይል የዛሬው ኢትዮ ኤሌክትሪክም አለ። በ2016 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ንግድ ባንክ ወሰደ፣ በ2017 መድን። ሁለቱም የከተማዋ ክለቦች ናቸው። ሆኖም ጊዮርጊስ ከመድን ሲጫወት «ዛሬ የሸገር ደርቢ ነው» የሚል ሰው ቢገኝ ሰምቶ የሚያልፈው የለም፤ ይሳቅበታል።

ስለ ቃሉ ጥቂት። ሸገር የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዙሪያዋ የተመሠረተው ሸገር ከተማ ሌላ ነው፤ ደርቢው ስሙን ያገኘው ከዚያ በፊት ነውና ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ደርቢ የሚለው ከእንግሊዝ የመጣ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 የተጀመረ አንድ ታዋቂ የፈረስ እሽቅድምድም በደርቢ መስፍን ስም ይጠራል። ከፈረስ ሜዳ ወደ ኳስ ሜዳ እንዴት እንደተሻገረ የሚተረከው ብዙ ዓይነት ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ ግን ቃሉ ከፈረስ የመጣ መሆኑን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም፤ የክለቡ ቅጽል ስም ፈረሰኞቹ ነውና።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። ስሙን የወሰዱት ከሰፈሩ ደብር ነው። ቀኑን ልብ ይበሉ፦ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ክለቡ ገና የወራት ልጅ ሳለ ከተማው በወራሪ እጅ ወደቀ፤ ስሙንም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኙት። ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው የከተማው ውድድር ሲዘጋጅ ጊዮርጊስ የገጠመው የጣሊያኖቹን ፎርቲቱዶን፣ የአርመኖቹን አራራትን፣ የግሪኮቹን ኦሎምፒያኮስንና የእንግሊዝ ወታደሮችን ቡድን ነበር። በዚያ ስብስብ መሀል የሀገሬው ቡድን እሱ ነው። የቆዩ ደጋፊዎች ስለ ክለባቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ላይ የሚሰማው ኩራት የዋንጫ ብዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚህ ዘመን የተወረሰ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ የዚህ ክለብ ተጫዋች ነበሩ፣ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ያበራው መንግሥቱ ወርቁም የጊዮርጊስ ልጅ ነው።

ኢትዮጵያ ቡና የመጣው በሌላ በር ነው። ከአብዮቱ በኋላ ስፖርት በመሥሪያ ቤትና በሠራተኛ ማኅበር ሥር ተደራጀ። የዚያን ዘመን ክለቦች ስም ብትዘረዝሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማውጫ የሚመስሉት ለዚህ ነው፤ መድን፣ ባንክ፣ መብራት፣ ሲሚንቶ። በ1968 ዓ.ም. ከቡናው ሥራ ጋር ተያይዞ የተወለደው ቡድንም ከነሱ አንዱ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ደጋፊዎች አሁንም «ቡና ገበያ» ነው የሚሉት። በዚያው ዘመን ጊዮርጊስ የቅዱሱን ስም ይዞ መቀጠል አልተፈቀደለትም፤ ስሙን የመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ሙሉ ስም ፊት ለፊት የቆሙት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው ማለት ይቻላል። የሸገር ደርቢ ከጊዮርጊስ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ወጣት ነው።

ታዲያ ከመሥሪያ ቤት ቡድኖች መካከል ቡና ብቻ እንዴት ተለይቶ የጊዮርጊስ ባላንጣ ሆነ? እኔ የማምንበት መልስ በሁለት ዓመተ ምሕረቶች ውስጥ አለ። ጊዮርጊስ ከ1986 እስከ 1988 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆነ። በ1989 ዋንጫውን የነጠቀው ቡና ነው። ከዓመታት በኋላ ጊዮርጊስ ከ2000 እስከ 2002 ደግሞ ሦስቱን ጠቅልሎ ወሰደ። በ2003 በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት ያቋረጠው ማን ሆነ? ቡና። የቡና ትልልቅ የሊግ ድሎች እነዚህ ሁለቱ ሲሆኑ ሁለቱም የመጡት ጊዮርጊስ አራተኛውን ሊያነሳ ሲዘጋጅ ነው። ጊዮርጊስ ከ30 በላይ የሊግ ዋንጫ አለው፤ በቁጥር ከሄድን ነገሩ ውድድር እንኳ አይባልም። ግን ሰው ጠላቱን በዋንጫ ብዛት አይመርጥም፤ ሠርግ ያበላሸበትን ነው የሚያስታውሰው።

በነዚህ መሀል አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በ1990 ዓ.ም. ቡና በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብጹን አል አህሊ አሰናበተ። አል አህሊ ማለት በአህጉሩ ዋንጫ የሚደረድር ክለብ ነው። የቡና ደጋፊ «እናንተ ሀገር ውስጥ ቁጠሩ» ብሎ የሚመልሰው ይህን ይዞ ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ በበኩሉ በ2009 ዓ.ም. ክለቡ የሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ላይ በመድረስ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው መሆኑን ይጠቅሳል። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር፤ አይቆምም።

ሌላው ልዩነት የአጨዋወት ጣዕም ነው። የቡና ደጋፊ ቡድኑ አሸንፎ ሲወጣ እንኳ «ኳሱ አልነበረም» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል። አጭር ቅብብል፣ ከኋላ መስርቶ መውጣት፣ አንድ ለአንድ ማለፍ፤ ካልሆነ ቡና አይደለም። የቀድሞ ተጫዋቹ ካሳዬ አራጌ በ2012 አሰልጣኝ ሆኖ ሲመለስ ያን ያህል የተወደደው ይህን ሃይማኖት አድርጎ ስለያዘው ነው። በ2013 አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ ለረጅም ጊዜ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቡና ግን ሁለተኛ ወጣ፤ ዋንጫው ወደ ጎንደር ሄደ፣ ፋሲል ከነማ ወሰደው። ቡናን ለማያውቅ ሰው ክለቡን ለማስረዳት ከዚህ ዓመት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የጊዮርጊስ ሰው ይህን ሲሰማ ትከሻውን ይሰብቃል፦ ቆንጆ ተጫወታችሁ፣ እኛ ዋንጫውን እንይዛለን።

ደርቢውን በውጭ ሀገር ከሚታወቁት ጋር ማመሳሰል የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን አይዋጥልኝም። ግላስጎው ላይ ሴልቲክና ሬንጀርስን የለያቸው ሃይማኖት ነው። እዚህ ግን መለያው ሃይማኖት አይደለም፤ ክለቡ የቅዱስ ስም ቢይዝም በሙስሊም ቤት የጊዮርጊስ ደጋፊ ሞልቷል። ብሔርም አይደለም። ሰፈርም በጥብቅ አይደለም፤ አራዳ ተወልዶ ቡና የሆነ ሞልቷል። መስመሩ የሚያልፈው በአንድ ቤት ሳሎን መሀል ነው። አባት ጊዮርጊስ፣ ታላቅ ልጅ ቡና፣ እናት ሁለቱም ተሸንፈው ቢመጡ የሚቀናት። የክልል ክለቦች ጨዋታ በፖለቲካ በታመሰባቸው ዓመታት ይህ ደርቢ የኳስ ጠብ ብቻ ሆኖ መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ጠብ የለም ማለቴ አይደለም። ድንጋይ የተወራወሩበት፣ ወንበር የተነቃቀለበት ቀን አለ፤ ያንን እንደ ጀግንነት የሚያወራ ደጋፊ አጋጥሞኛል፣ አልወደድኩለትም።

የዚህ ሁሉ ቤት አዲስ አበባ ስታዲየም ነበር። ወደ መስቀል አደባባይ የሚያወጣው መንገድ በደርቢ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ሁለት ቀለም ይሆን ነበር፤ ወይም ይሆናል ይባል ነበር እንጂ ቢጫ በሁለቱም ማሊያ ላይ ስላለ ከሩቅ መለየቱ ያስቸግር ነበር። በውስጥ እያንዳንዱ መቀመጫ ስም አለው፦ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ። የመጨረሻውን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። አስጨፋሪው ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሕዝቡን ሲመራ ግቧን ሳያያት የሚቀር እሱ ነው፤ ከሕዝቡ ፊት ላይ ግን ያነባታል። በነገራችን ላይ ጊዮርጊስ ስሙን ከታወቀው ቢራ ጋር ይጋራል፣ የቡና ማሊያ ላይ ደግሞ ለዓመታት የሐበሻ ቢራ ስም ነበር። ቡና የተባለ ክለብ ማሊያ ላይ የቢራ ስም መጻፉ ያስቀኛል።

በ2013 ነገሩ ተለወጠ። የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ መጫወት ጀመሩ፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። አዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘጋ። ስለዚህ የሸገር ደርቢ ከሸገር ውጭ መካሄድ ያዘ። ትርጉሙን ከላይ እንዳስቀመጥኩት በጥብቅ የሚወስድ ሰው ካለ፣ ይህ ደርቢ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ደጋፊው ግን ተከትሏል። አዳማ ሲሆን በፈጣን መንገዱ አውቶቡስ ተኮናትሮ ባንዲራውን በመስኮት እያውለበለበ ይሄዳል። ድሬዳዋ ሲሆን ገንዘቡም ቀኑም አይበቃም፤ ያኔ ሰፈር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ስታዲየም ይሆናል። አግዳሚዎቹ ማንም ሳያዝ ለሁለት ይከፈላሉ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጥግ ለቡና፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ለጊዮርጊስ። ዘግይቶ የገባና የት እንደሚቀመጥ ያላወቀ እንግዳ «ጊዮርጊስ ነህ ቡና?» ተብሎ ይጠየቃል። «ኳስ ብቻ ላይ ነው የመጣሁት» ብሎ የመለሰ አንድ ልጅ አይቻለሁ። እስከ መጨረሻው ቆሞ ነው ያየው።